ያልተከፈተው ፖስታ፦ የካንሰር ታካሚዎችና የምርመራ ቀጠሮ ጭንቀት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ በሽታዎች፣ ስለ መድኃኒቶችና ስለ መከላከያ መንገዶች ነው። ዛሬ ግን በታካሚ ካርድ ላይ እምብዛም የማይጻፍ አንድ ችግር ላነሣ ወደድኩ። የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ወይም ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎች የሲቲ ስካን፣ የኤምአርአይ፣ የማሞግራም ወይም የአልትራሳውንድ ቀጠሯቸው ሲቃረብ የሚይዛቸው ጭንቀት ነው።

ነገሩን ከአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ። በአርባዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ላይ የሚገኙ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ወስደው ጨርሰዋል። እኔ ጋ የመጡት ግን ለካንሰሩ አልነበረም። «ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ» ብለው ነው የመጡት። የጨጓራ መድኃኒት አዘዝኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላላቸውም፣ ሌሊት ልባቸው ይመታል። መድኃኒቱን ቀየርኩላቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ትልቋ ልጃቸው አብራቸው ነበረች። እናቷ የደም ግፊት ሊለኩ በወጡበት አፍታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ እማዬ የሲቲ ስካን ውጤቷን ከተቀበለች ሰባት ሳምንት ሆናት። ፖስታውን ከፍራሽ ሥር ነው ያስቀመጠችው። ራሷም አልከፈተችው፣ ለሐኪሟም አላሳየችው» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜም ያልጠየቅኳቸው አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፦ «በቅርቡ ምርመራ አለብዎት ወይ? ስለ እሱስ ምን ያስባሉ?» ጨጓራ ብለው መጡ፤ እኔም ጨጓራ አከምኩ። ይህ ጽሑፍ በከፊል ለዚያ ጥፋቴ ማካካሻ ነው።

ጭንቀቱ ምንድን ነው?

በውጭው ዓለም ይህ ስሜት የራሱ ስም ወጥቶለታል። ብሩስ ፌይለር የተባለ፣ እርሱም የአጥንት ካንሰር ታካሚ የነበረ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2011 በታይም መጽሔት ላይ ስለ ጉዳዩ ሲጽፍ «ስካን» እና «ጭንቀት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አዋህዶ «ስካንዛይቲ» ብሎታል። ቃሉ ዛሬ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ሆኗል። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ስም ባይኖረውም ስሜቱን የማያውቀው የካንሰር ታካሚ ግን የለም ማለት ይቻላል።

አንጎላችን አደጋ ሲሰማው ሰውነታችንን ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጀዋል። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ጅብ ቢመጣብን ይህ ዝግጅት ሕይወታችንን ያተርፋል። ችግሩ አንጎል በጅብና በቀጠሮ ወረቀት መካከል ያለውን ልዩነት በሚገባ አለመለየቱ ነው። ከዚያ ወረቀት ደግሞ መሸሽም ሆነ መታገል አይቻልም። ስለዚህ ሰውነት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተወጥሮ ይቆያል። የጨጓራ ማቃጠሉ፣ የራስ ምታቱ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ በትንሽ ነገር መቆጣቱና ሆድ መባሱ ከዚህ ይመነጫል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ይህን ይወቁልኝ፦ ምርመራ ሲቃረብ መጨነቅ የእምነት ማነስ፣ የፈሪነት ወይም የምስጋና ቢስነት ምልክት አይደለም። አንድ ጊዜ ክፉ ውጤት የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቢሰጋ ተፈጥሯዊ ነው። ሕክምናቸውን ጨርሰው ዓመታት ያለፏቸው፣ በሌላው ቀን ሁሉ ደኅና የሆኑ ሰዎችም ይህ ስሜት ይይዛቸዋል።

በእኛ አገር የሚከብድበት ምክንያት

ጭንቀቱ በየትም አገር ያለ ቢሆንም እኛ ጋ የሚጨምሩበት ነገሮች አሉ። አንደኛው ወረፋው፣ ጉዞውና ወጪው ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን አገልግሎቱ በክልሎችም እየተስፋፋ ቢመጣም ብዙ ታካሚ አሁንም ለምርመራ ከሩቅ ይጓዛል፣ ዘመድ ቤት ያርፋል፤ ማሽን ተበላሽቶ ከተባለ ደግሞ ወደ ግል ተቋም ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ውጤት ክፉ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ሸክሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ባህላችን ነው። እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም። መርዶ የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በጥንቃቄ ነው። ይህ ለኀዘንተኛው የታሰበ ደግ ልማድ ነው። ወደ ሕክምና ክፍል ሲገባ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ቤተሰቡ ውጤቱን ቀድሞ ይሰማል፤ ታካሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ ይደበቃል። ታካሚውም ይህን ስለሚያውቅ የሰዎችን ፊት ማንበብ ይጀምራል። ልጁ በስልክ ለማውራት ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለአፍታ ዝም ሲል፣ «አለቀልኝ» ይላል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ የምርመራ ውጤት እንደ መርዶ መቆጠር ይጀምራል።

ውጤት ግን መርዶ አይደለም። መርዶ የሚነገረው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የምርመራ ውጤት የሚነገረው ገና የሚሠራ ነገር ስላለ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ ከሆነ እንዲቀጥል፣ ካልሠራ በጊዜ እንዲለወጥ፣ በሽታው ከሌለም ታካሚው እፎይ ብሎ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍርሃቱ የሚያስከትላቸው ሁለት ስሕተቶች

አንዳንዱ ታካሚ በፍርሃት ምክንያት ይሸሻል። ቀጠሮውን ያሳልፋል፣ «ከበዓል በኋላ እሄዳለሁ» ይላል፤ ወይም እንደ እኒያ እናት ውጤቱን ተቀብሎ ይደብቃል። ይህ አደገኛ ነው። ሳይከፈት የቆየ ፖስታ በውስጡ ያለውን ነገር አይለውጠውም፤ ሕክምናውን ብቻ ያዘገየዋል።

ሌላው ታካሚ ደግሞ በተቃራኒው ምርመራ ያበዛል። ትንሽ በታመመ ቁጥር፣ ሐኪም ሳያዝዝለት፣ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው እየሄደ ሲቲ ስካን ያስነሣል። ምርመራ በበዛ ቁጥር ግን እርግጠኝነት ይበዛል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቀደም ባለ ደረጃ ላይ የተገኘ የጡት ካንሰር ታክሞ ካለቀ በኋላ፣ ምንም ምልክት ለሌላት ሴት በየጊዜው ሲቲ ስካን ወይም የአጥንት ስካን ማድረግ አይመከርም። የሚመከረው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ በቀጣዮቹ 2 ዓመታት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታየትና በዓመት አንድ ጊዜ ማሞግራም መነሣት ነው። ሌላ ምርመራ የሚታዘዘው ምልክት ሲኖር ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ «ሲቲ ስካን አያስፈልግዎትም» ቢሉዎት ችላ ብለውኛል ብለው አይዘኑ።

ከቀጠሮው በፊት

በመጀመሪያ ምርመራው ለምን እንደ ታዘዘ ይጠይቁ። «ይህ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን? እንዲያ ቢሆንስ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው። ለሁለቱም መልስ አስቀድሞ ዕቅድ እንዳለ ማወቅ ብዙ ሰው ያረጋጋል። ሰውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ክፉ ነገሩ ራሱ ሳይሆን ከክፉው ነገር በኋላ ምንም የለም የሚለው ሐሳብ ነውና።

ሁለተኛ፣ የውጤት ቀንዎን ከምርመራው ጋር አብረው ያስይዙ። ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ማን ይነግርዎታል? የት? እነዚህን ሦስቱን በወረቀት ላይ ይጻፏቸው። በምርመራውና በውጤቱ መካከል ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ጭንቀቱም ያጥራል።

ሦስተኛ፣ ለጭንቀት ሰዓት ይስጡት። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ለምሳሌ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ፣ ቁጭ ብለው የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ በደብተር ላይ ይጻፉ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ «ቀጠሮህ 11 ሰዓት ነው» ብለው ይመልሱት። ሐሳቡን ጨርሶ ማባረር አይቻልም፤ ሰዓት ማስያዝ ግን ይቻላል። ሰዓቱ ወደ መኝታ የተጠጋ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

አራተኛ፣ ቡናውን ይቀንሱ። ቡና ለእኛ መጠጥ ብቻ ሳይሆን የመሰባሰቢያ ምክንያትም ስለሆነ ተዉት አልልም። ሆኖም ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሣል። በምርመራው ሳምንት የቡናው ጊዜ ከሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ጭንቀትን በአልኮል ወይም በጫት ማስታገስ ግን ጨርሶ አይመከርም። ለጥቂት ሰዓት ያስረሱና በማግስቱ ጭንቀቱን ከነወለዱ ይመልሱታል። የጎረቤትን የእንቅልፍ ኪኒን መዋስም እንዲሁ ነው። የሚያረጋጋ መድኃኒት አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ሐኪም ያዝዝልዎታል፤ ከወሰዱት ግን በዚያ ቀን መኪና አይነዱ፤ አስታማሚም ይያዙ።

አምስተኛ፣ በእግር ይራመዱ። አቅምዎ በፈቀደ መጠን በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ የተወጠረ ሰውነትን ያላላል፣ እንቅልፍንም ያሻሽላል።

ለማሽኑ መዘጋጀት

የማያውቁት ነገር ያስፈራል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚጠብቅዎት ልንገራችሁ።

ሲቲ ስካን ትልቅ ቀለበት የመሰለ፣ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ ማሽን ነው። በጀርባዎ ይተኛሉ፤ አልጋው በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፤ «ትንፋሽ ይያዙ» ይባላሉ። ምስሉን ማንሣቱ ራሱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት የተባለ መድኃኒት ካለ ወዲያው ሰውነትዎን ሙቀት ይወረዋል፤ አፍዎ ብረት ብረት ይላል፤ ሽንትዎ ያመለጠዎት ሊመስልዎትም ይችላል። አላመለጠዎትም። ስሜቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን የሚሞት ይመስለዋል። የሚያሳክክ፣ የሚያሳብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ስሜት ከመጣ ወዲያውኑ ለባለሙያው ይናገሩ።

ኤምአርአይ ጠባብና ረዘም ያለ ዋሻ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ ኃይለኛ የመዶሻ ድምፅም አለው። ድምፁ የማሽኑ አሠራር እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። የጆሮ መሸፈኛ ይሰጥዎታል፤ በእጅዎ የሚይዙት መጥሪያም አለ። ሲጨንቅዎት ይጫኑት፤ ያወጡዎታል። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራዎት ከሆነ በዕለቱ ሳይሆን ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። ከመግባትዎ በፊት ዓይንዎን ጨፍነው እስኪወጡ ድረስ አለመክፈት ብዙዎችን ረድቷል። ኤምአርአይ ማግኔት ስለሆነ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። በማዕተብዎ ላይ የብረት መስቀል ካለ፣ ሻሽዎ ወይም ሒጃብዎ በመርፌ የተያዘ ከሆነ አስቀድመው አውልቀው ለአስታማሚዎ ይስጡ። በሰውነትዎ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ ብረት ወይም ፍንጣሪ ካለ ሳይናገሩ አይግቡ።

ለማንኛውም ምርመራ እርጉዝ ከሆኑ፣ የኩላሊት ሕመም፣ አስም ወይም ከዚህ በፊት በኮንትራስት መድኃኒት የተነሣ አለርጂ ካለብዎት፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ያሳውቁ። መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። በጾም ወራት ከሆኑም ምን መብላትና መጠጣት እንደሚያስፈልግ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ባዶ ሆድ የሚፈለግበት ምርመራ አለ፣ ውኃ በብዛት የሚጠጣበትም አለ።

«ጨረሩስ አይጎዳኝም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የላቸውም። ሲቲ ስካን አለው። ሁላችንም ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1፣ አንድ የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ ወደ 7 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ይህ ማለት አንድ የደረት ሲቲ ስካን ሦስት ዓመት ገደማ በተፈጥሮ ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። በሐኪም ለታዘዘ፣ ሕክምናን ለሚመራ ምርመራ ጥቅሙ ያመዝናል። ያለ ምክንያት መደጋገም አይገባም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ተራዎን ሲጠብቁ ልብዎ መምታት ከጀመረ ይህን ይሞክሩ። በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ በአፍዎ ቀስ ብለው እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ቀስ በቀስ ይረጋጋል። መቁጠር የማይወዱ ከሆነ በአጭር ጸሎት ወይም በዱዓ ይለኩት፤ ያው ነው። ዘዴውን ግን በቤትዎ አስቀድመው ይለማመዱት።

ፖስታውን ሲቀበሉ

በአገራችን ብዙውን ጊዜ ፊልሙንና ሪፖርቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ የሚሄደው ራሱ ታካሚው ነው። ፖስታውን መክፈት መብትዎ ነው። ብቻዎን፣ ሌሊት፣ ስልክዎ ላይ ቃል በቃል እየፈለጉ ማንበብን ግን አልመክርም። ሪፖርቱ የተጻፈው ለሐኪም ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱም ያሳስታሉ። «አንሪማርከብል» የሚለውን አይተው የደነገጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ትርጉሙ ግን «የተለየ ነገር አልታየም» ማለት ነው፤ መልካም ዜና ነው። «ስቴብል» ማለት በሽታው አላደገም ማለት ነው። «ሌዥን» ከተለመደው የተለየ ቦታ ታየ ማለት እንጂ ካንሰር ማለት ብቻ አይደለም። «ኖጁል» ትንሽ ክብ ነገር ማለት ነው፤ የቲቢ በሽታ በብዛት በሚገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር በሳንባ ላይ የሚታይ ትንሽ ኖጁል ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ ቲቢ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

መጠንን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ዕጢው ባለፈው 20 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አሁን 21 ሆነ ብለው የሚያለቅሱ ታካሚዎች አሉ። የአንድና የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ከአለካክ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሞች በሰፊው በሚጠቀሙበት መለኪያ መሠረት የተለኩት ዕጢዎች ድምር ቢያንስ በ20 በመቶ ካልጨመረ ወይም አዲስ ዕጢ ካልታየ በሽታው አደገ አይባልም፤ ቢያንስ በ30 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ ሕክምናው ሠርቷል ይባላል። በመካከል ያለው «ባለበት ነው» ይባላል። ለብዙ ታካሚ «ባለበት ነው» ማለት መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ደግሞም አደራ የምላችሁ፣ የቀድሞ ፊልሞቻችሁን አትጣሉ። በአንድ ቦታ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቀው ይቀመጡ፤ ሲዲ ከተሰጣችሁም አብራችሁ አስቀምጡ። አንድ ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ነው የሚናገረው።

ለአስታማሚዎችና ለቤተሰብ

«አይዞሽ፣ ምንም የለም» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ነው። ለታካሚው ግን አንዳንዴ «ስለ ፍርሃትሽ አታውሪኝ» ማለት ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ ይልቅ «ከምርመራው የትኛው ነው የሚያስፈራሽ? ማሽኑ ነው? ወጪው? ውጤቱ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ከዚያም ሥራ ይካፈሉ፦ አንዱ ይሸኝ፣ አንዱ ልጆች ይያዝ፣ አንዱ በውጤት ቀን አብሮ ገብቶ የሐኪሙን ቃል ይጻፍ። የደነገጠ ሰው ከተነገረው ብዙውን አያስታውስምና።

ውጤትን መደበቅን በተመለከተ ታካሚውን አስቀድመው ይጠይቁት፦ «ውጤቱን አንተ ራስህ መስማት ትፈልጋለህ ወይስ እኛ ሰምተን ቀስ ብለን እንንገርህ?» ምርጫው የታካሚው ይሁን። ተደብቆበት መሆኑን ያወቀ ታካሚ ከዚያ በኋላ መልካም ውጤት ቢነገረውም አያምንም።

ጸሎት፣ ጸበልና የሃይማኖት አባቶች ምክር ለብዙ ታካሚዎቻችን ታላቅ ብርታት ናቸው። እኔም ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን መድኃኒት አቋርጡ፣ ቀጠሮ ዝለሉ የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትቀበሉ። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችም ብቻቸውን አይደሉም። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ለካንሰር ታካሚዎች ድጋፍ ያደርጋሉ። በዚያ መንገድ ካለፈ ሰው ጋር ማውራት ሐኪም የማይሰጠው መድኃኒት ነው።

መቼ ነው ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገው?

የምርመራ ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ከተሰማ በኋላ ይረግባል። ነገር ግን ውጤቱ መልካም ሆኖም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ሥራና ምግብ ካስተወ፣ በድንገት ልብ እየመታ ትንፋሽ የሚያጥርበት ሁኔታ ከተደጋገመ፣ በፍርሃት ምክንያት ቀጠሮ ካለፈ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ ሕክምና አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም ይታከማል። ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፦ የውጤቱን ቀን በካርዱ ላይ እንጻፍ፤ ፊልሙን እያየን ዝም ካልን «ገና እያየሁ ነው፣ ዝምታዬ ክፉ ነገር ማለት አይደለም» እንበል። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

እኒያ እናት ከሦስት ቀን በኋላ ፖስታውን ይዘው መጡ። «አብረን እንክፈተው፤ ከዚያ ወደ ካንሰር ሐኪምዎ ዛሬውኑ እደውላለሁ» ብያቸው ነበር። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች። ሪፖርቱ በቀኝ ሳንባቸው ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኖጁል መታየቱንና ከቀድሞ ምስል ጋር እንዲነጻጸር ይጠይቃል። ጥርት ያለ መልስ አልነበረም። «ስለዚህ ገና አላወቅንም ማለት ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ገና አላወቅንም» አልኳቸው። የገረመኝ፣ ይህን ሰምተው ትከሻቸው ወረድ አለ። ሰባት ሳምንት ሙሉ በሐሳባቸው የሞቱበት ነገር በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የመጀመሪያው ፊልም ደብረ ብርሃን ወንድማቸው ቤት ነበር። በማግስቱ በአውቶቡስ መጣ። ራዲዮሎጂስቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ ኖጁሉ ከሁለት ዓመት በፊትም እዚያው፣ በዚያው መጠን ነበር። የካንሰር ሐኪማቸው የቆየ ጠባሳ ሳይሆን እንደማይቀር ነግረዋቸው ከጥቂት ወራት በኋላ በድጋሚ እንዲታይ ቀጠሮ ሰጧቸው። ሲቲ ስካኑን ያሳዘዘው ደረቅ ሳል ግን ምንጩ ሌላ ነበር፤ ለደም ግፊት የሚወስዱት ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ሳል ያመጣል። መድኃኒቱ ተቀይሮላቸው ሳሉ በሳምንታት ውስጥ ተወ።

ውጤቱ ክፉ ቢሆን ኖሮስ? ያኔም ምክሬ ያው ነበር የሚሆነው። ያኔማ እነዚያ ሰባት ሳምንታት ሕክምና የሚጀመርባቸው ሳምንታት ይሆኑ ነበር።

አሁን የሚቀጥለው ምርመራቸው ደርሷል። ባለፈው ሲመጡ «አሁንም እፈራለሁ ዶክተር» አሉኝ። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የምርመራው ቀን፣ የውጤቱ ቀን፣ አብራቸው የምትገባው ልጃቸው ስም፣ ለሐኪሙ የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎች በልጃቸው እጅ ተጽፈዋል። የቀድሞዎቹ ፊልሞችም ከደብረ ብርሃን መጥተው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ፍራሻቸው ሥር ምንም የለም።

እርስዎም ቤት ያልተከፈተ ፖስታ ካለ፣ ወይም ያሳለፉት ቀጠሮ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና አብረው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።